የታረቀው ሽብልቅ

ወንድሜ መኪናውን ከፍ ያስደረገው ጭቃ ቢያስመርረው ነው። ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ እያቋረጠ ወደ ሪራ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል፤ ሲመለስ ማር ይጭናል። ክረምት ሲገባ የሐረና ጫካ መንገድ ጎማ ይውጣል፣ መኪናው ሆዱን ይጎትታል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ስለዚህ ሮቤ ወዳለ ስመ ጥር መካኒክ ወሰደው። መካኒኩ መኪናውን በሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተነቀለ ብረት ደረበበት። መኪናው እንደ ግመል ቆመ። ወንድሜ ደስ አለው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሳሁት።

መንቀጥቀጡ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ከመቀመጫው ሥር አንድ ነገር ማጉረምረም ይጀምራል። ከዚያ ወለሉ ይንዘፈዘፋል፣ በመስታወቱ የሚታየው የኋላ መንገድ ይደበዝዛል፣ የተሳፋሪ ጥርስ ይንገጫገጫል። መካኒኩ መጀመሪያ “ጎማ ነው” አለ። ጎማው ተስተካከለ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ “ክሮቼራ ነው” አለ። ክሮቼራ የሚባለው የትራስሚሲዮኑ ማጠፊያ ነው፤ ትራስሚሲዮን ደግሞ ከካምቢዮ እስከ ኋላ አክስል ድረስ ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ነው። በላይኛውና በታችኛው ጫፉ አንድ አንድ ማጠፊያ አለው። ሁለቱም ተቀየሩ። መኪናው አሁንም ይንቀጠቀጣል።

እኔ ጎባ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የማይገባኝን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የገባኝን ነገር ለሌላው ሳላስረዳ ማለፍ ደግሞ ጭራሽ አልችልም። ትምህርት በሌለበት ቀን ከትምህርት ቤት የሰሌዳ ፕሮትራክተር ተዋስኩ፤ መሐሉ ላይ ክር አሰርኩ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ዳዶ አንጠለጠልኩ፣ ማዳበሪያ አንጥፌ ከመኪናው ሥር ገባሁ። የላይኛው ማጠፊያ እንደ ጉልበት ታጥፏል። የታችኛው ቀጥ ብሏል ማለት ይቻላል። ለምን? ብዬ ወደ አክስሉ ስሳብ ሽብልቁን አየሁት። መካኒኩ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ሽብልቅ ብረት አስገብቶ ዘንጉ የሚታሰርበትን የአክስሉን አፍንጫ ወደ ላይ አቅንቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታጠፈ ማጠፊያ እኩል አይዞርም። የሚያዞረው ወገን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢሄድም የሚዞረው ወገን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛው ማጠፊያ የተቀመጠው ይህንን እንዲክስ ነው፤ የላይኛው ሲያፈጥን እሱ ያዘገያል፣ የላይኛው ሲያዘገይ እሱ ያፈጥናል። ለመካስ ግን የላይኛውን ያህል መታጠፍ አለበት። ቀጥ ካለ ምን ይክሳል? የላይኛው ያዛባው እንደተዛባ ይቀራል፣ ዘንጉ በሙሉ ይንዘፈዘፋል። ይህንን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ባስረዳ ከደወሉ በፊት ይገባቸዋል።

መካኒኩ ጋ ሄድኩ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

“ጋሼ፣ ችግሩ ሽብልቁ ነው።”

“የቱ ሽብልቅ?”

“እርስዎ ያስገቡት።”

“እሱማ መድኃኒቱ ነው” አለኝ። “መኪናው ከፍ ሲል ዘንጉ ቁልቁል ሆነ። እኔ ደግሞ አክስሉን ቀና አድርጌ ፊት ለፊት እንዲተያዩ አደረግኳቸው። ሰው ሲነጋገር ይተያያል አይደል? አንቺ ስታስተምሪ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ነው የምታዞሪው?”

ሠራተኞቹ ሳቁ።

“መተያየት የለባቸውም። ሁለቱ ማጠፊያዎች እኩል ነው መታጠፍ ያለባቸው። ሽብልቁ ቢወጣ እኩል ይሆናሉ” አልኩና ፕሮትራክተሩን አወጣሁ። ማውጣት አልነበረብኝም።

“ወላሂ፣ መኪና በማስመሪያ ሲታከም ዛሬ አየሁ!” አለ አንዱ ከጎማ ክምር ላይ።

መካኒኩ ትከሻዬን ቸብ አደረገ። “ቲቸር፣ አንቺ ቾክሽን፣ እኔ ቁልፌን።”

ጆሮዬ እስኪግል ተናደድኩ። ወንድሜን ይዤ ጎባ ወዳለ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። የዚያ ባለቤት ከሥር ገብቶ ዓይቶ ወጣና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ “የማን እጅ ነው?” ነገርነው። “እንግዲያው እሱ ሳይፈቅድ አልነካውም። የሰው ሥራ ከፈታሁ ነገ የሚሰበረው ሁሉ የእኔ ነው የሚባለው።” ሽብልቁ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብዬ ስጠይቀው ሰማይ ሰማይ ያያል። በእኛ አገር እንዲህ ነው። ብረት የሚሰበረው በሕጉ ነው፣ የሚጠገነው ግን በይሉኝታ ነው።

ወንድሜ ትዕግሥቱ አለቀ። በገበያ ቀን፣ ደንበኛ በተሰበሰበበት መካኒኩ በር ላይ ቆሞ “መኪናዬን ገደልከው! አንተ ጋሪ እንኳ አትሠራም!” ብሎ ጮኸ። መካኒኩ ተዋረድኩ ብሎ ሽማግሌ ላከ። እኔ እንኳን ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ነገሩ በሰው ፊት ይመረመራል፣ ሽብልቁም ይነሳል ብዬ አሰብኩ።

ሽማግሌዎቹ ከመስጊዱ ጀርባ ሣር ላይ ተቀመጡ። የሚመሯቸው አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ከጊኒር መጥተው ሮቤ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሳያስታርቁ ምሳ የማይበሉ ሽማግሌ። እኔ ጥጉ ላይ ቆሜ ነበር። ሐጂ አዩኝ።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ፈለግሽ?”

“ሐጂ፣ የመንቀጥቀጡን ምክንያት ላስረዳ ብዬ ነው።”

“ምክንያት ቁስል መጎርጎር ነው። እኛ የመጣነው ልናደርቀው ነው። ሜ፣ ተቀመጪ።”

ወንድሜ ስለ ስድቡ ይቅርታ ጠየቀ። መካኒኩ ይቅር አለ። ተቃቀፉ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አራራ ወረደ። አራራ እርቅ ነው። እርቅ ከወረደ በኋላ ያንን ነገር መልሶ ያነሳ ሰው እርቁን እንዳፈረሰ ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በከተማው ሰላምታ አያገኝም። ስለዚህ ጠቡ ተቀበረ፤ ሽብልቁም አብሮ ተቀበረ። ከሥር ያየው የለም። የጠየቀ የለም። መኪናው እዚያው አጠገባችን ቆሞ ነበር እኮ!

ያን ዕለት ማታ ወንድሜን ያዝኩት።

“ነገስ?”

“ነገ ሪራ እወርዳለሁ።”

“ከሳነቴ ወደ ሐረና ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ። ትራስሚሲዮኑ እዚያ ላይ ቢፈታ ተንጠልጥሎ የፍሬኑን ቱቦ ይመታል። አንተና ተሳፋሪዎችህ ገደል ትገባላችሁ።”

“ታርቄአለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።”

“ለሰውየው እንጂ ለብረቱ ቃል አልሰጠህም!”

“አንቺ ልጅ፣ ሽብልቅ የሚባል ቃል እዚህ ቤት እንዳይነሳ!”

“አላነሳሁትም። አንተ ነህ ያነሳኸው።”

በሩን ዘግቶብኝ ገባ። እኔ አልተኛሁም። ምን እንደማደርግ ሳስብ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ጠዋት በማለዳ ሮቤ ሄጄ ሐጂ ሱቃቸውን ሲከፍቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

“አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ።”

“ወአለይኩሙ ሰላም። ጨርቅ ነው ክርክር?”

“ሐጂ፣ እርቁ ለሰዎቹ ነው ወይስ ለመኪናው?”

“አይ የአስተማሪ ነገር!” ብለው ሳቁ። “ልጄ፣ የታረቀ ነገር የተቀበረ ነው። መቃብር አትቆፍሪ።”

“አልቆፍርም። ግን ሪራ እህት አለችዎት፤ እጠይቃታለሁ ሲሉ ክረምቱ ሁሉ አለፈ ይባላል። ወንድሜ ዛሬ ይወርዳል። አብረውት ይሂዱ፤ እኔም እሄዳለሁ። ስለ መኪናው አንዲት ቃል አልናገርም። እርስዎ ብቻ ይቀመጡበት።”

“እሺ፤ እሄዳለሁ” አሉ። “አፍሽን የምትይዢ ከሆነ ለዚያ ስል እንኳ እሄዳለሁ።”

ጎባ ድረስ ይዣቸው መጣሁ። ወንድሜ ሐጂን ሲያይ ደንግጦ ፊት አስቀመጣቸው። እኔ ከኋላ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ገባሁ። ከጎባ ወጥተን ዳገቱን ጨረስን፤ ሳነቴ ላይ መንገዱ ተዘረጋ፤ ጅብራው ግራና ቀኝ ቆሟል፣ ንፋሱ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። መኪናው ግን ጸጥ ብሏል። ወንድሜ ሐጂን አክብሮ በሬ እንደሚነዳ ሰው ነው የሚሄደው! ሐጂም “ማሻአላህ፣ ምን ይጎድለዋል?” ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ምላሴን ነከስኩ።

ያዳነኝ አጠገቤ የነበረች ሴት ናት። “ኧረ ልጄ፣ ዛሬ ምን ሆንክ? በዚህ አካሄድህ እኮ ሪራ ሳንደርስ ይመሻል!” አለች።

“አዎ” አሉ ሐጂ። “ለእኔ ብለህ ሰው አታዘግይ። እንደ ዘወትርህ ንዳ።”

ነዳ። ማጉረምረሙ መጣ፣ ወለሉ ተነሳ፣ የሐጂ ኮፍያ ወደ ዓይናቸው ወረደ። በአንድ እጃቸው መንጋጋቸውን ያዙ፣ በሌላው በሩን። “ይ-ይ-ይ-ህ ም-ምን-ድን ነው?” አሉ።

ሴትየዋ “መንገዱ ነው፣ ሐጂ። እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነን” አለች።

መንገዱ! ያ ቃል ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። እነዚህ ሰዎች ሕይወታቸውን እዚያ ወለል ላይ አስቀምጠው፣ መንቀጥቀጡን ከአላህና ከመንገድ ባለሥልጣን የመጣ አድርገው ተቀብለውታል።

ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት፣ ጫካው ከታች ጉም ለብሶ ከሚታይበት ቦታ ስንደርስ ሐጂ አቁም አሉ። ወገባቸውን ይዘው ወረዱ። “ከሥር ግባና እየው” አሉት ወንድሜን። ገባ። ቆየ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ትራስሚሲዮኑን ከአክስሉ ጋር ከሚያስሩት ቡሎኖች አንዱ የለም፤ የቀሩትን በጣቱ እያዞረ አሳየን። በጣቱ! ያቺ ሴት የያዘችውን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀመጠች።

እኔ ምንም አልተናገርኩም። ቃል ገብቻለሁ። በውስጤ ግን እየጮኽኩ ነበር። ዘንጉ ከዚህ በታች ቢፈታ ኖሮ ሽማግሌዎቹ ምን ያደርጉ ነበር? አውቃለሁ። የሟቾቹን ቤተሰብ ከወንድሜ ቤተሰብ ጋር ያስታርቁ ነበር። ሣር ላይ ይቀመጣሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አሳምረው ያስታርቃሉ። ይችሉበታል። የማይችሉት ሰው ሳይሞት በፊት ከመኪና ሥር አጎንብሶ ማየት ነው።

ቡሎኖቹን አጥብቀን፣ ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቀን፣ እያዘገምን ተመለስን። ሐጂ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ሮቤ ወደ መካኒኩ ጋራዥ ተወሰዱ።

መካኒኩ ሲያያቸው ቆመ። “ሐጂ፣ ስለ መኪናው ከሆነ እኛ ታርቀናል” አለ።

“እናንተ ታርቃችኋል” አሉ። “እኔን ግን ከወገቤ ጋር አጣላችሁኝ። አሁን አዲስ ጉዳይ ነው፤ ከሳሹ እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ምንድን ነው የምትለው ነገር? አሁን ተናገሪ።”

ተናገርኩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ማጠፊያ፣ መፍጠን፣ መዘግየት፣ መካስ። ገና መሐሉ ላይ ሳለሁ ሐጂ እጃቸውን አነሱ። “በቃ። ሽብልቁን አውጣው።”

መካኒኩ “ለእርስዎ ስል” አለና ቁልፉን አነሳ። ለእርስዎ ስል! ለፕሮትራክተሩ ስል አይደለም፣ ለገደሉ ስል አይደለም። ሽብልቁን አውጥቶ፣ አክስሉን እንደነበረ አስሮ፣ አዲስ ቡሎን አስገብቶ ሰጠን። ሠራተኞቹ ሐጂን ከበው እየመረቁ ሸኟቸው። ያ ጎማ ላይ የሚቀመጠው “የሐጂ ወገብ ከማስመሪያ ይበልጣል!” አለ፤ ሁሉም ሳቀ፣ ወንድሜም ሳቀ።

ወደ ጎባ በአስፋልቱ ተመለስን። ወንድሜ ቀስ እያለ ፍጥነት ጨመረ፣ ያ ማጉረምረም የሚመጣበትን ቦታ አለፈው፣ ጨመረ። ወለሉ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ምንም የለም። በመስታወቱ ውስጥ ከኋላችን የሚሄደው ባጃጅ ከነሾፌሩ ጥርት ብሎ ይታያል።

“አየሽ?” አለኝ ወንድሜ። “ሐጂ ብልህ ሰው ናቸው። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው።”

“ሽብልቁ ነበር በል።”

“ምን?”

“አፍህን ከፍተህ፣ ሽብልቁ ነበር፣ እህቴ ነግራኝ ነበር በል።”

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። “እሱማ ታርቀንበታል” አለ። “አይነሳም።”

“አቁም።”

“ምን ሆንሽ?”

“አቁም አልኩህ!”

የስንዴ ማሳ ዳር ላይ አቆመ። ወረድኩና በሩን ባለኝ ኃይል ዘጋሁት። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “ነገ ጠዋት ሪራ ነኝ፤ ማታ እመለሳለሁ። ለእናታችን ንገሪያት” አለኝ።

እነግራታለሁ አልኩ። ሄደ። እስኪርቅ ቆሜ ከሥር የሚዞረውን ዘንግ በዓይኔ ተከተልኩት። እየዞረ መሆኑ እንኳ አያስታውቅም። ወንድሜ ነገ ማታ ይመለሳል፤ ይህንን አውቃለሁ። እያወቅኩም እስከ ቤት ድረስ እየተሳደብኩ በእግሬ ሄድኩ።