ለፍራው ሄልጋ መብራት ያበራሁ ዕለት

ከጀሞ የወጣሁት በምሽት ነው። የኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለምንኖር ሻንጣዬን ጎረቤት ሁሉ እየተቀባበለ አወረደልኝ፤ ግማሹ በርበሬ ነበር። «ጀርመን ምን ልትሠሪ ነው?» ሲሉኝ «ላቦራቶሪ» እላለሁ። «ደም ልትቀጂ?» ይሉኛል። ኧረ አይደለም!

እስቲ አሁን ላስረዳችሁ። አንቲቦዲ ሰውነታችን በሽታን ለይቶ የሚይዝበት ነገር ነው። እኛ የሚያበራ ቀለም እንለጥፍበትና ሴል ላይ ጠብ እናደርገዋለን። የምንፈልገውን ፕሮቲን ፈልጎ ይጣበቅበታል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም አረንጓዴ ያበራል። በጀሞ ታክሲ ሰልፍ መሀል ሰደርያ የለበሰውን ተራ አስከባሪ እንደማየት ነው። ታዲያ ብርሃን ከበዛበት ቀለሙ ስለሚጠፋ የምንሠራው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው።

አከራዬማ ገና በመጀመሪያው ቀን «ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ውሃ መክፈት ክልክል ነው» አሉኝ።

«እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ገና ያኔ ነው» ብላቸው፣ «ታዲያ መቼ ነው የምትተኙት?» አሉ።

«በርሜሉ ሲሞላ!»

የተቀጠርኩት ለሦስት ወር ሙከራ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት አለቃዬ ዶክተሩ አንድ ሥራ ሰጡኝ፤ ፕሮቲኑን በፎቶ ካሳየሁ እቀራለሁ፣ ካላሳየሁ ወደ ጀሞ።

ሴሎቹ ያሉበትን ስስ መስታወት፣ ስላይዱን፣ አዘጋጅቼ ጨለማው ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ በሩ ተንኳኳ። የጽዳት ሠራተኛዋ ፍራው ሄልጋ ናቸው። ፍራው እዚህ ወይዘሮ ማለት ነው፤ እናቴን በዕድሜ ይበልጧታል። ትልቅ ሰው ሲገባ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ መቀበል ከየት የመጣ ነው? ብድግ ብዬ መብራቱን አበራሁ፤ ወንበሬንም ለቀቅኩላቸው።

«ለእኔ ነው የተነሣሽው?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«አዎ፤ ይቀመጡ እንጂ!»

ተቀመጡ። ልጃቸው ከደወለላቸው ስንት ጊዜ እንደሆነው አጫወቱኝ። እንዴት ብዬ ላቋርጣቸው? አንድ ሰዓት ሄደ። ሲወጡ በማይክሮስኮፑ ባይ፣ አረንጓዴው የለም። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

«መብራቱን ማን አበራው?» አሉ ዶክተሩ።

«እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው ገብተው ነው።»

«የትኛው ፕሮፌሰር?»

«ፍራው ሄልጋ።»

«ሄልጋ ማናት?»

ስንት ዓመት ቢሯቸውን ያጸዱላቸውን ሴትዮ! ንድድ አለኝ፤ ግን የሙከራ ሰው ምን አፍ አለው? «አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚው» አሉኝ።

በማግስቱ በሩን ቆልፌ ጀመርኩ። አረንጓዴው መታየት ሲጀምር በሩ ተንኳኳ። ባልዲ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ደግሞ ተንኳኳ። አልተነሣሁም።

ፎቶው አማረ፤ ቋሚ ሆንኩ። ፍራው ሄልጋ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ፈገግ ይላሉ፤ በሬን ግን ከዚያ ወዲህ አንኳኩተው አያውቁም።

ለእማዬ ደውዬ ስነግራት እልልታዋን አቀለጠችው። «ሰዎቹስ እንዴት ናቸው? ለመድሻቸው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ» አልኳት፤ «ለመድኳቸው።»