ቅማል የለም በተባለበት ቀበሌ በተስቦ የሞቱት ጋሽ ሽብሩ

በልደታና በአብነት የስንቱን ቁስል ያጠቡት የጤና ጣቢያችን ድሬሰር፣ ጋሽ ሽብሩ፣ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ቀብራቸው ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ «ጓድ ሽብሩ በድንገተኛ ሕመም ተለዩን» ሲል አነበበ። ሕመሙ ድንገተኛ አልነበረም። ቅማል የሚያስተላልፈው ተስቦ ነበር፤ ከየት እንደመጣም ሊቀመንበሩ አሳምሮ ያውቃል። በሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ያን ቀን ዝም አልኩ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በጤና ጣቢያው መዝገብ ክፍል ስመደብ «ዲግሪዬ» ብለው ስም ያወጡልኝ እርሳቸው ነበሩ። «ዲግሪዬ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፤ ወሬው ይደርሳል» ይሉኝ ነበር፣ ፋሻ እየጠቀለሉ።

ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለው መጋዘን ሰዎች መታሰራቸውን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም፤ ስንቅ የምናቀብለው እኛው ነን። በክረምቱ ከእነዚያ ሰዎች ሦስቱ በትኩሳት እየቃዡ ወደ እኛ መጡ። ጋሽ ሽብሩ የአንደኛውን ሸሚዝ አንገትጌ ገልብጠው አዩና «የሁሉም ልብስ ዛሬውኑ ይቀቀል» አሉ።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ለካ በንጽሕና ውድድር አንደኛ ወጥተን ባንዲራ ተሸልመን ኖሯል! ያሸለመን ኖራ የተቀባው አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ያየ ዳኛ አልነበረም።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እዚህ ቀበሌ ቅማል የለም» አለ ሊቀመንበሩ። «ቅማል የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው።»

«እንግዲያው ርዝራዡ ሸሚዛቸው ውስጥ ተደብቋል፤ ፍቀድልኝና ልቀቅለው» አሉት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቁሮ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ለበላይ የምትልኪው ሪፖርት ላይ ትኩሳት ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ይህን ሸሽጌ እሱን ብቻ ብንቅ ከእሱ አልሻልም። ጋሽ ሽብሩ ወረቀቱን ሲያዩ አልተቆጡኝም። «ትኩሳት የበሽታው ጩኸት ነው እንጂ በሽታው አይደለም፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ባዶ በርሜል እያንከባለሉ መጋዘኑ በር ደረሱ። ዘቡ «ትእዛዝ አልደረሰኝም» ሲላቸው «አንተ፣ ያን ጊዜ ስትፈነከት ትእዛዝ ጠብቄ ነው የሰፋሁህ? ዞር በል!» አሉት። ዞር አለ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ልብስና ብርድ ልብስ ይቀቅላሉ፤ እስረኞቹ እርሳቸው ከየቤቱ ለምነው ባመጡት ንጹሕ ጋቢ ተጠቅልለው ይጠብቃሉ። ሊቀመንበሩ አንድም ቀን ወደዚያ ድርሽ አላለም። ቅማል የለም ያለው ሰው ቅማሉን ፈርቶ!

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጋሽ ሽብሩ ራሳቸው ወደቁ። «ተስቦ ነው፤ አትድከሙ» አሉን ገና በመጀመሪያው ቀን። ጣቢያችን መድኃኒቱን ጨርሶ ስለነበር ለበላይ ጻፍን። የመጣልን መልስ አንድ መስመር ነው፦ «በሪፖርታችሁ ተስቦ የለም።» ያንን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሯሩጠን መድኃኒቱን ከሌላ ቦታ ስናገኝ መዋጥ አቅቷቸው ነበር።

ጋሽ ሽብሩ፣ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ልብስ የሚቀቅል የለም። በዚህ ሳምንት ደግሞ ሁለት ሰዎች እየቃዡ መጡ። ሊቀመንበሩን ብጠይቀው «ማመልከቻ አስገቢና ይታያል» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። አላስገባም። ትናንት አዲስ ሪፖርት ጽፌ ለበላይ ልኬያለሁ። «ተስቦ» ይላል፤ ከሥሩ ስሜ ከነአባቴ አለበት። ሰኞ ጠዋት እንጨት ተሸክሜ ወደ መጋዘኑ እሄዳለሁ። እፈራለሁ። ዘቡ ለእኔ ዞር እንደሚልልኝም አላውቅም፤ ካላለ እስኪል ድረስ እዚያው እቆማለሁ። እርስዎ ግን በቃዎት፤ ይረፉ፣ ጋሽዬ።