አክስቴ ያጸዱት ብረት

ለዚህ ትዝታ ያሉኝ ምንጮች ሦስት ናቸው፦ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበርብኝ የምጭንበት መዳፍ የማያክል ብረት፣ ጠርዙ የተበላ ማስታወሻ ደብተር፣ እንዲሁም ባለፈው ሳምንት ልትጠይቀኝ ከጋዝጊብላ ሰቆጣ የመጣችው ታናሽ እህቴ። ብረቱና ደብተሩ ይስማማሉ፤ እህቴ ግን በአንድ ነገር ትለያለች። የራሴን ትውስታ አራተኛ ምንጭ አላደርገውም፤ ትውስታ እየቆየ ሲሄድ ባለቤቱን ማስደሰት ይወዳል።

በወጣትነቴ ውጭ አገር የብርሃን ጥናት እከታተል ነበር። ሥራዬ እጅግ አጭር በሆነ የሌዘር ምት የብረትን ገጽ መቅረጽ ነበር። ምቱ ከማጠሩ የተነሣ ዙሪያው ለመሞቅ እንኳ ፋታ አያገኝም፤ ገጹ ላይ ግን ዓይን የማይለያቸው ጥቃቅን ትልሞች ይቀራሉ። ከትልሞቹ የገባ ብርሃን መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ ብረቱ ቀለም ሳይነካው እንደ ከሰል ይጠቁራል። ያ አንድ ብረት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ከዕረፍት ስመለስ በፈታኞቼ ፊት የማቀርበውም እርሱኑ ብቻ ነበር። ትቼው ብሄድ ይጠፋል ብዬ ሰጋሁና በሸሚዝ ጠቅልዬ አገር ቤት ይዤው መጣሁ። ጥንቃቄ መሆኑ ነው።

ወሩ ጥቅምት ይመስለኛል፤ ወደ አክስቴ ቤት የሚወስደው የወልድያው መንገድ አቧራ ነበር፤ የእርሳቸው ማርና የገብስ ቆሎ ደግሞ ድካሙን አስረሳኝ። በእርሳቸው ቤት እንግዳ ያደፈ ነገር ይዞ አይሸኝም፤ ነውር ነው። በመመለሻዬ ዋዜማ ጠዋት ልብሴን ሊያጥቡ ሻንጣዬን ፈትተው ኖሮ፣ እርጥብ ጨርቅ አመድ እያስነኩ ብረቱን ሲፈትጉ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው።

«አክስቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ጥላሸቱን እያስለቀቅሁልህ። ያን ያህል ሲያስተምሩህ ዕቃ ማጠብ አላሳዩህም?»

«የሁለት ዓመት ሥራዬ እኮ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስታጠቁር? እኔ በአንድ ጠዋት አነጣሁት።»

አጠገባቸው ልብሴን ታሰጣ የነበረችው እህቴ በሳቅ ፈረሰች። አክስቴ ግን ፊቴን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «እጅህ እስካለ መልሰህ ታጠቁረዋለህ፤ ተው አትዘን» አሉኝ።

ብረቱን ወደ ፀሐይ አዘነበልሁት። ከጫፉ ላይ አንዲት ጥቁር ሰበዝ፣ አጭርና ሰፋ ያለች መስመር፣ አልለቀቀችም፤ ደብተሬን ባይ፣ ትልሞቹን ከሁሉ አጥልቄ የቀረጽሁት እዚያ ነበር። አክስቴ የቋጠሩልኝን አመድ ይዤ ተመለስሁ። መምህሬ እስኪበቃው ከሣቀ በኋላ ሌሎች ብረቶች እንድቀርጽና በዚያው አመድ እንድፈትግ አዘዘኝ። ጥልቆቹ ጸኑ፤ ስሶቹ ለቀቁ። ፈታኞቼ ከመመረቂያ ጽሑፌ ሁሉ የወደዱት ይህን የአመድ ሙከራ ምዕራፍ ነው፤ ለመነሻውም ያቺን ሰበዝ ጠቀስሁ።

እህቴ ባለፈው ሳምንት ብረቱን አንሥታ፣ «ይቺማ አክስታችን ሲፈትጉ በአውራ ጣታቸው ተጭነው የያዟት ቦታ ናት፤ መች ፈተጓት?» አለችኝ።

ደብተሬ ስለ ጣት የሚለው የለም። እህቴ ከሄደች በኋላ ሰበዟን በራሴ አውራ ጣት ለካኋት፤ ልክክ አለች። የአክስቴን ጣት ግን በጊዜው የለካ የለም፤ ዛሬ እርሳቸውም በሕይወት የሉም።