ጋሽ ሙዘይን ያልማሉበት ካርድ

ጋሽ ሙዘይን ያን ቅዳሜ ለምን ዋሹ? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ፤ መልሱን ዛሬም አላገኘሁትም። ሰው የራሱን ጥፋት ለመሸፈን ሲዋሽ አይቻለሁ፤ እኔም ዋሽቻለሁ። የሌላ ሰው ጥፋት አንስቶ "የኔ ነው" ሲል ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በቀልድ እንኳ የማይዋሹትን ሰው።

ልጅ እያለሁ እሪ በከንቱ ነበር የምንኖረው፣ እኔና አክስቴ አስካለ። ወላጆቼ ሲሞቱ ከገጠር ያመጣችኝ እሷ ናት። ዕድሜዬን አክስቴ "አሥር ይሆናታል" ትል ነበር፤ ኋላ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው አሥራ አንድ አልፎኝ ኖሯል። ትምህርት ቤት የሚባል አላውቅም። አክስቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ስለነበረች ቤታችን ከወለል እስከ ኮርኒስ አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ ይሸት ነበር። ቁልፍ የምተክለው እኔ ነኝ። የሌላውን ልጅ ኮት ቁልፍ ተክዬ ስጨርስ፣ አክስቴ ዞር ስትል ለብሼው በመስኮቱ መስታወት ራሴን አያለሁ። "መስከረም ሲጠባ አስገባሻለሁ" ብላኛለች። ቃሏ ግን ጅራት ነበረው፦ "ጥፋት ካየሁብሽ ወደመጣሽበት ነው።"

በግቢው ውስጥ ዲሽ የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። የተከሉላት ጋሽ ሙዘይን ናቸው። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጎን አንድ ሰው ብቻ የምታስቆም የሪሲቨር መጠገኛ ነበረቻቸው። የእኔ ዘመን ልጆች ያን ጩኸት አይረሱትም። ነፋስ ዲሹን ባዞረው ቁጥር እሳቸው ቆርቆሮው ላይ ወጥተው "መጣ?" ይላሉ፤ እኛ ከታች "አልመጣም! ... መጣ መጣ! ... ኧረ ሄደ!" እያልን ሰፈሩን እናደነቁረዋለን። እትዬ ከድጃ፣ ባለቤታቸው፣ ከበራቸው ሆነው "ዛሬ እንኳ እሱ ራሱ ካልመጣ ይበቃኛል" ይላሉ፤ ከጣሪያው መውደቃቸውን ነው የሚፈሩት።

ከነጻዎቹ ቻናሎች ብዙዎቹ በማናውቀው ቋንቋ ዜና ያወራሉ፤ አንዱ ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ይሸጣል። የህንድ ፊልም የሚመጣው በካርድ ነው። ጋሽ ሙዘይን ያመጡልን፣ ሪሲቨሩ አፍ ውስጥ የምትገባ፣ አንድ ጥግ ላይ ወርቅማ አራት ማዕዘን ያላት ካርድ። ጋሽ ሙዘይን በካሬ ደብተር ወረቀት ላይ የቻናሎቹን ቁጥር ጽፈው፣ በየቁጥሩ ትይዩ "ነጻ" ወይም "ካርድ" ብለው ግድግዳው ላይ ለጠፉልን። ጣቴን ይዘው እያስሄዱ አነበቡልኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኳቸው ሁለት ቃላት እነዚያ ናቸው። በዚያው ቀን አክስቴን "ይቺን ልጅ ካላስተማርሽ ወላሂ ትጠየቂባታለሽ" ሲሏት ሰምቻለሁ። የእሳቸው ወላሂ ግቢው ውስጥ ማኅተም ነበር። አክስቴ ራሷ፣ የማርያም ጽዋ የምትጠጣው ሴትዮ፣ "የኔን ማርያምን ተዉት፤ ሙዘይን ወላሂ ካለ አለቀ" ትል ነበር።

ያን ቅዳሜ አክስቴ ክር ልትገዛ ወደ ፒያሳ ወጣች። ስምንት ሰዓት ላይ ጎረቤት ለፊልም ይመጣል። ቴሌቪዥኑን ቀድሜ ብከፍተው ሰማያዊ ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ፊልም የለም። አንድ ነገር ብቻ ታወሰኝ። የአክስቴ ሞባይል እምቢ ሲል "ካርድ አልቋል" ትላለች፤ ከሱቅ ካርድ ታመጣለች፤ በስሙኒ ትፍቀዋለች፤ ስልኩ ይሠራል። ካርድ ካርድ ነው። ካርዱን ከሪሲቨሩ መዝዤ ስሙኒ አነሳሁ። የሚፋቅ ቦታ ብፈልግ ያቺን ወርቅማ ማዕዘን አገኘሁ፤ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። ሥራ ስይዝ ጥንቁቅ ነኝ፤ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ቁጥሩ እስኪወጣ ብዬ ፋቅሁት። ቁጥር የሚባል አልወጣም። ብናኙን እፍ ብዬ ካርዱን መልሼ ከተትኩት። ስክሪኑ ላይ ሌላ ጽሑፍ መጣ፣ ቀይ፣ ከመጀመሪያው የረዘመ። ያኔ ክው አልኩ። ምን እንዳደረግሁ ባላውቅም፣ የማይመለስ ነገር እንዳደረግሁ ግን አወቅሁ።

ቤቱ በሰው ሞላ። አክስቴ ብትነካካው፣ ብታጠፋው፣ ብታበራው ያው ነው። ግድግዳውን በቡጢ መታች፤ ጋሽ ሙዘይን መጡ። ካርዱን አወጡና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርገው አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ቀና አሉ። ፊቴን አላዩም፤ ያዩት የቀኝ አውራ ጣቴን ነው። ጥፍሬ ሥር ቢጫ ብናኝ ነበር። እጄን ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩ። ከበሩ ጀርባ የተሰቀሉት ዩኒፎርሞች ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ። አሁን ይናገራሉ፤ አሁን ወደመጣሁበት እሄዳለሁ።

"ካርዱ ራሱ ቀሽም ነው፣ አስካለ" አሉ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

አክስቴ አላመነችም። "አንተ አይደለህ እንዴ 'ዓመት ሙሉ ምንም አይነካሽም' ያልከኝ?"

"ብዬ ነበር።"

"በሉ እንግዲህ" አለች አንዷ ጎረቤት፣ "ዛሬ ሙዘይን ራሱ ይዝፈንልን፤ አክተሩንም አክትረሷንም እሱ ይሁን!" ቤቱ ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም።

"ቀሽም መሆኑን ሳታውቅ ነው ያመጣህልኝ? እሺ፣ ሳላውቅ ነው ወላሂ በል።"

ካርዱን ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

"ሙዘይን! ወላሂ በል እኮ ነው የምልህ!"

"ሌላ አመጣልሻለሁ" አሉ፤ ይህንኑ ብቻ። መዋሸቱን ዋሹ፤ መማል ግን አልቻሉም። ለአክስቴ ይህ ማታለልን በአፍ ከማመን በላይ ሆነ። ወላሂ ካላለ አውቆ ነው ያታለለኝ አለች። በማግስቱ አዲስ ካርድ ሲያመጡ ከበር መለሰቻቸው። ወሬውን ከእሪ በከንቱ እስከ ምኒልክ አደባባይ አዳረሰችው፤ በየጣሪያው ላይ "መጣ?" የሚለው ድምፅ የሌላ ሠራተኛ ድምፅ ሆነ። ግድግዳ እየተጋሩ ሰላምታ አቆሙ። እኛም በነጻዎቹ ቻናሎች ቀረን፤ ምንጣፍ ሻጩን እያየን።

እኔ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባሁ። ዩኒፎርሜን አክስቴ ሰፋችው፤ ቁልፉን እኔ ተከልኩ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጋሽ ሙዘይን ከግቢው በር ላይ አገኙኝ። "በርቺ" ብለውኝ አለፉ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት አላየኋቸውም።

ሌላም ድንጋጤ ቆየኝ። አድጌ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ከቻልኩ በኋላ፣ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ቴሌቪዥኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነና ያ መስመር መጣ። ቅርጹን አልረሳሁትም ነበር። "ካርዱን በትክክል ያስገቡ" ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። አስተናጋጁ መጥቶ ካርዱን በጣቱ ገፋ አደረገውና የኳስ ጨዋታው ቀጠለ። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ጣቴን እያየሁ ተቀመጥኩ። ያኔ ማንበብ ብችል አንድ ጣት ይበቃ ነበር።

ዛሬ ያ ግቢ የለም፤ ፈርሷል። አክስቴ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ትኖራለች። ቴሌቪዥኗ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ በአማርኛ የሚያወራው ቻናል ተቆጥሮ አያልቅም፤ ሁሉም ነጻ ነው፤ ካርድ የሚጠይቃት የለም። ስምንት ሰዓት ላይ በሯን የሚያንኳኳ ጎረቤትም የለም። ያኔ በአንድ ካርድ አሥራ ምናምን ሰው እንስቅ ነበር፤ አሁን ይህ ሁሉ ቻናል ተከፍቶ ብቻዋን ታንቀላፋለች።

ባለፈው ክረምት የድሮ ጎረቤት ደውላ የጋሽ ሙዘይንን ማረፍ ነገረችን። አክስቴ "ነፍስ ይማር" አለች። "እግሬን አሞኛል፤ አንቺ ድረሽ።" እግሯ ደህና ነበር፤ በዋዜማው ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመልሳለች። ለማታውቀው ሰው እንኳ ለቅሶ ቀርታ የማታውቅ ሴት ናት። ያን ጊዜ በቃኝ። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፦ ስሙኒውን፣ ወርቅማውን ማዕዘን፣ ጥፍሬ ሥር የነበረውን ብናኝ።

ፊቷ አመድ መሰለ። ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ "ለዚህ ነው ወላሂ ያላለው" አለች። ቀጥላ ቀና ብላ አየችኝ። "እና ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ስም በኔ አፍ ስታስጠፊ ኖርሽ?"

ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

"ነጠላዬን አምጪ።"

አዘቅዝቃ ለበሰች። ደረጃው ላይ፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ፣ ቀኝ እጄን ያዘችና አውራ ጣቴን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጋ አየችው፤ ልክ እሳቸው ካርዱን እንዳዩት። ከዚያ ለቀቀችኝ።

"ቅደሚ" አለችኝ። "ለከድጃ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።"