የተመረጠው ምራቅ

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙ አልቆየም፤ የአንዳንዱ ቢሮ ታፔላ ቀለም እንኳ በደንብ አልደረቀም ነበር። እኔም ትምህርቴን እንደጨረስኩ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኜ እዚያው ከተማ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ሲጠፋ ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ጋ አስጠግቼ፣ ከሥሩ ባለው መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየያዝኩ እሠራለሁ።

አንድ ቀን ከባሮ ዳርቻ ዓሣ እያመጡ ገበያ የሚሸጡ፣ ረጅም አኙዋ እናት መጡ። ሳል ከያዛቸው ወራት አልፏል፤ በጣም ከስተዋል። ነርሱ ሳንባ ነቀርሳ ጠርጥሮ ለአክታ ምርመራ ወደ እኔ ላካቸው። ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጥቼ፣ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ አክታቸውን ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። በማግስቱ ያመጡት እንደ ውሃ የጠራ ምራቅ ነበር። በሦስተኛው ቀንም ያው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ምራቅ ነው። ወፍራሙስ የታለ?»

«ጣልኩት» አሉኝ፣ ገበያ ላይ በለመዱት አማርኛ። «እሱ ክፉ ነው። እንዴት ለሰው ይሰጣል? አፌን ታጥቤ፣ ጥሩውን መርጬ አመጣሁልሽ።»

ለካ አክብረውኝ ኖሯል!

«እኔ የምፈልገው ክፉውን ነው!» አልኳቸው። ጤንነቴን የተጠራጠሩ መሰለኝ፤ ትክ ብለው አዩኝ።

ወደ ጓሮ፣ ማንጎው ሥር ይዣቸው ወጣሁ። ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ቆምኩና አሳሳሉን ላሳያቸው ጀመርኩ። አየር በረጅሙ ስቤ፣ ሆዴን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ከደረቴ ሥር «ኧህ! ኧህ!» አልኩ። ሰው ፊት ድምፅሽ አይሰማ እየተባልኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ አሁን ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ነርሱም በመስኮት ብቅ ብሎ «ማነው የታመመው?» ሲል እማማ በሳቅ ፈነዱ። ሳቁ ሳሉን ቀሰቀሰው፤ ዕቃዋን ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ ስፈልገው የነበረው ወፍራም አክታም መጣ።

አክታውን መስታወት ላይ ቀብቼ አደረቅኩት፤ ቀይ ቀለሙን አፍስሼ በእሳት አሞቅኩት፤ አጥቤ ሰማያዊውን ደገምኩበት። ከዚያ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ሰማያዊው መሃል ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች፣ የሳንባ ነቀርሳው ተሕዋስያን፣ ተበትነዋል። ብቻዬን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ መጀመሪያ ያገኘሁት ይህን ነበር፤ «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩና ወዲያው አፈርኩ። የሰው በሽታ ነዋ።

«ይድናል?» አሉኝ እማማ።

«መድኃኒቱን ካላቋረጡ ይድናሉ።»

አላቋረጡም። በየጠዋቱ እየመጡ መርፌያቸውን ተወጉ፣ ኪኒናቸውን ዋጡ። ጉንጫቸው ሲሞላ በዓይኔ አየሁ። ከሁለት ወር በኋላ አክታቸውን ደግሜ መረመርኩ። አንድ ጊዜ አየሁ፤ አላመንኩም። ከዳር እስከ ዳር እንደገና ፈለግኩ። አንድም ቀይ የለም! ገና ወራት የሚዋጥ ኪኒን ቀርቷቸዋል፤ እኔ ግን እስከ ማግስቱ መጠበቅ አልቻልኩም። ጋዋኔን እንደለበስኩ ገበያ ሮጥኩ።

«እማማ፣ ንጹሕ ነው!» ስላቸው ከዓሣው መሃል ዘለው ተነሡና አቀፉኝ። ለጎረቤቶቻቸው በአኙዋኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ትልቁን ዓሣ አንሥተው በሁለት እጄ አሸከሙኝ።

«እኔ እኮ ዓሣ መሥራት አላውቅም» አልኳቸው።

«ቁጭ በይ» አሉኝ፣ ቢላዋውን እያቀበሉኝ። ቅርፊቱ ፀጉሬ ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። የቀረውን ቀን ገበያው መሃል ተቀምጬ፣ እየተሳቀብኝ ዓሣ ሳጸዳ ዋልኩ።