ሰው ሳይሞት የሚሮጥ ሰው

በእኛ አገር በማለዳ ዳገት የሚሮጥ ሰው ሁለት ምክንያት ብቻ ነው ያለው፤ ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ከብት ተዘርፎበታል። ይህን አጥቼው አይደለም። ላሊበላ ተወልጄ፣ ላሊበላ አድጌ፣ እንጀራዬም አብያተ ክርስቲያናቱን ለእንግዳ ማስጎብኘት ሆኖ እንዴት ይጠፋኛል? ሰው ግን አንድ ነገር ሲይዘው የሚያውቀውንም ይረሳል። እኔን የያዘኝ የእጅ ሰዓት ነበር።

ድሮ እንግዳ እያመላለሰ ላሊበላ የሚመጣ አንድ ሹፌር ወዳጅ አለኝ። ዛሬ አርሲ ተራሮች ላይ የደጋ አጋዘን በፈቃድ ለማደን የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎችን ጉዞ ያሰናዳል። ላሊበላ እንግዳ በጠፋበት ሰሞን ደወለና አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ ነገር አስከተለ። አስተርጓሚው በአዳኙና በመንገድ መሪው መሀል ሆኖ ቀኑን ሙሉ ዳገት ይወጣል፤ እየወጣም ይናገራል። ትንፋሽ ያጠረው አስተርጓሚ ባይኖር ይሻላል። ስለዚህ ከገና በኋላ ራሱ መጥቶ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ካለችው አሸተን ማርያም ድረስ አብሮኝ እየወጣ ሊፈትነኝ ነው።

ሥራዬ መሄድ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ሥራዬ መቆም ነበር፤ ጥቂት ተራምዶ፣ ቆሞ ማስረዳት። ቦርጬም ምስክር ነው። ባለቤቴ ወሬውን ስትሰማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ አጋዘኑ ቆሞ ከጠበቀህ ጥሩ ነው ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ወዳጄ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት በሰው ላከልኝ። ትእዛዙ ቀላል ነበር። በአብዛኛው ቀን ልቤ ከመቶ ሠላሳ እንዳያልፍ፣ ማለትም እያወራሁ መሄድ በምችልበት እርምጃ እንድወጣ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሰውነቴን እንዳስጨንቅ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲለኝ፣ እንቁላሉ ፈተና የለበትም አልኩት። ላብ ያላስፈሰሰ ነገር ለእኔ ሥራ አይመስለኝም ነበር።

እናም በገና ጾም አንድ ማለዳ፣ በባዶ ሆዴ፣ ወደ አሸተን ሽቅብ ሮጥኩ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው ከመንገዱ ዳር ባለች ጎጆ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ ነበሩ። በሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ፣ ዝቅ ብዬ፣ እንዴት እንዳደሩ ጠይቄ፣ ተመርቄ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ሰዓቱ እንዳይቆምብኝ ብዬ በአጠገባቸው ሽው አልኩ። ከፍ ብሎ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ጠሩኝ፤ ትንፋሽ ስላልነበረኝ አልመለስኩላቸውም። ከዚያ ወዲያ ማንንም አላየሁም፤ የማየው የእጄን ሰዓት ብቻ ነበር።

መንገዱ ደልደል የሚልበት ሜዳ ላይ ስደርስ ልቤ መቶ ሰባን አልፏል። አየር ባገኝ ብዬ ሁለት እጆቼን አናቴ ላይ ጫንኩ። እጅን አናት ላይ መጫን በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ዞር ስል አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ እየሮጡ ይመጣሉ። አንዱ ዱላ ይዟል። ከኋላቸው ሴቶቹ፣ ከሴቶቹም ኋላ እማሆይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በመቋሚያቸው እየተደገፉ ይወጣሉ።

ከበቡኝ። ባለ ዱላው ከብቱ በየት በኩል እንደተነዳ ጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ፤ እነሱ ግን መርዶው ከአፉ አልወጣ ብሎት ነው ብለው ተረዱት። ያኔ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እማሆይ ደርሰው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ማን ሙቶ ነው ልጄ? አይዞህ፤ ንገረን።»

እስከዚያ ድረስ በሆዴ ሳቄ እየመጣ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ፣ በዕድሜ ታላቅ እህቴ የምትሆን ጎረቤት፣ ወደፊት ወጥታ እጄን ያዘች። ልጇ ኮን ከተማ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከሄደ ገና መንፈቁ ነው።

«የኔው ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሳቄ በአንድ ጊዜ ጠፋ። በሕይወቴ ሙሉ ስናገር ኖሬ፣ በቋንቋ እንጀራ በልቼ፣ በዚያች ሰዓት ለአንዲት እናት አንድ ቃል ማውጣት አቃተኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እንደ ምንም ብዬ «ማንም አልሞተም» አልኳት፤ ቀጥዬም፣ «ልቤን እያሠለጠንኩ ነው።»

ከዚያ አጫጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ። እናትየዋ ግን አልሳቀችም፤ እጄን እንደያዘች ቁጭ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። እማሆይ ነጠላቸውን አስተካክለው ፈረዱብኝ።

«ከእንግዲህ ሰላም ሳትል እንዳታልፍ። ልብህ ትሠልጥን፤ የኛን ግን አታስደንግጥ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ፍርዱን ፈጸምኩ፤ እያጉረመረምኩ። በየደጃፉ እንዴት አደራችሁ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው እያልኩ እወጣለሁ። ማንም እንድቆም አይጠብቅም፤ መልሱ ከኋላዬ ይከተለኛል፣ እኔም እየሄድኩ እመልሳለሁ። ስፖርት ነው ወይስ የዘመድ ጥየቃ ብዬ ተማርሬ ሰዓቱን ሳይ፣ መቶ ሃያ ምናምን ይላል። እናትየዋ ደጃፍ ስደርስ የኮኑን ልጅ ሳልጠይቅ አላልፍም። በሳምንት አንድ ቀን ስሮጥ ደግሞ ከዋዜማው እየዞርኩ፣ ነገ የምሮጠው በደኅና ነው ብዬ አስነግራለሁ። ሰው ለምዶት፣ ሮጬ ሳልፍ አጫጆቹ ራሳቸው «ማንም አልሞተም!» ይሉኝ ጀመር።

ገና አለፈ፤ ወዳጄ መጣ። እሱ የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ፣ መሀል ላይ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ እየሰጠሁ ወጣን። ከእማሆይ ጎጆ ከፍ እንዳልን የምተረጉመው ነገር አለቀብኝ፤ ዞር ስል ወዳጄ ከንፈሩ ደርቆ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኗል። እማሆይ ከደጃቸው አሻግረው አዩትና፣ «እሱስ? እሱም ማንም አልሞተበትም?» ብለው ጠየቁኝ። ትንፋሹ ሲመለስ መጀመሪያ የተናገረው ሥራው ያንተ ነው የሚለውን ነበር። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ ነው የዘለልኩት።

አርሲ ስደርስ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። እዚያ ተራራ ላይ ሰላም የሚሉት ሰው የለም። ጫካና ጉም ብቻ ነው፤ ከአስተርጓሚ በቀር የሚናገር የለም፣ እሱም በሹክሹክታ። ዳገቱ ሲበረታ የልቤ ምት ይፈጥናል። ያን ጊዜ ከታች ጀምሬ በሆዴ እጠይቃለሁ፤ እማሆይ እንደምን አደሩ፣ አጫጆቹ እንዴት አደራችሁ፣ አዝመራው እንዴት ነው? እርምጃዬ ራሱ ይስተካከላል። እናትየዋ ደጃፍ ስደርስ ግን ጥያቄውን አስቀድሜ አልጠይቃትም። መጀመሪያ የምላት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እትዬ፣ ማንም አልሞተም።