ጋሼና የባሕር ኤሊዋ

ባለፈው ወር ያረፉት አጎቴ ጋሼ አሰብ ወደብ ላይ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበሩ። የሚያስጠላ ነገር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። «ያንገሸግሻል!» ይሉና መሐል ይገባሉ።

ድንበሩ ሳይዘጋ በፊት፣ በአንድ የፋሲካ ማግስት፣ እኛን ልጆቹን ዥዋዥዌና ሙዚቃ ወዳለበት የአሰብ ባሕር ዳርቻ መዝናኛ ወሰዱን። ወደ ባሕሩ በገባው የእንጨት መድረክ ላይ የዓሣ ሆድ ዕቃ በሙቀቱ ገምቶ ዝንብ ወርሮታል። ሰዉ እሱን እየረገጠ ይስቃል። ጠጋ ስንል አንዲት ትንሽ የባሕር ኤሊ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ጎረምሶች ሆዷ ላይ ሲጋራ ይተረኩሳሉ።

ጋሼ «ያንገሸግሻል!» ብለው በነጭ ሸሚዛቸው ግማቱ ላይ ተንበረከኩና አቀፏት።

«አባባ፣ ተዉ እንጂ! እየተጫወትን እኮ ነው» አላቸው አንደኛው ጎረምሳ።

«እሷስ እየተጫወተች ነው?» አሉና ባሕሩ ውስጥ ለቀቋት።

ፉጨትና ስድብ እስከ መንገዱ ተከተለን። ጋሼ ግን ዞረው እንኳን አላዩም።

ትናንት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ በአንዲት አንካሳ እናት አረማመድ ሲያላግጥ ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔንም አንገሸገሸኝ፤ ዓይኔም ሳላስበው ጋሼን ፈለገ። የሚቆጣ ሰው አልነበረም። «አፍህን ዝጋ!» ያልኩት እኔ ነኝ።